ጥርት ብሎ የወጣው ባዶ ግድግዳ

ያ እሁድ ከሌላው እሁድ በምንም አይለይም ነበር። ይህን የምለው ደጋግሜ ስላሰብኩበት ነው። ምልክት ነበረ ወይ ብዬ ፈልጌያለሁ። ሕልም አይቼ እንደሆነ፣ እናቴ ያመለጣት ቃል እንደሆነ፣ እሱ ራሱ ያለወትሮው የተናገረው ነገር እንደሆነ። ምንም የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳችንን በላን፤ ወንድሜ ሙሉጌታ ጫማውን ቦረሸ፤ ከዚያ፣ “ዳኜ፣ ተነስ። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ እንውጣ” አለኝ። በቃ ይኸው ነው።

ያኔ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዛሬም ብዙ አልራቅሁም፤ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪክ ተፈትኛለሁ፣ ሌላ ትምህርት የለኝም። ጽሑፍም አልለመድኩም። ከተደናቀፍኩ ታገሡኝ።

ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ፣ ገርጂ ዳር ነው። አውሮፕላን ሲነሳ የመስኮቱ መስታወት ይርገፈገፋል። እኛ ግን ለምደነዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው የሚታወቀን። አባታችን ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። እናታችን ወይዘሮ ለተብርሃን ከትግራይ በልጅነቷ የመጣች ናት። ሙሉጌታ በአስራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። እኔና እናቴ ሙሌ ነበር የምንለው። ቦሌ መንገድ ላይ ጋሽ በላይ የሚባሉ ሰውዬ ፎቶ ቤት አላቸው፤ ሙያውን የተማረው እሳቸው ዘንድ ነው። በኋላ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀጠረው። በዚያ የድርቅ ዓመት ወደ ሰሜን እየተመላለሰ የእህል እደላውን ፎቶ ያነሳ ነበር። ስላየው ነገር ብዙ አያወራም። ሲመለስ ሁለት ቀን ያህል እንጀራ ቆርሶ መያዝ ብቻ ነው፤ አይጎርስም።

የሥራው ካሜራ የመሥሪያ ቤቱ ነው። የራሱ ደግሞ አንድ አሮጌ የጃፓን ካሜራ ነበረው፤ ከረዥም ዙም ጋር። አገሩ ከሚመለስ ከውጭ አገር አስተማሪ ነው የገዛው። ዙሙ ቀለበቱ ሲሳብ ሩቅ ያለውን ሰው አፍንጫህ ሥር ያመጣዋል። ያን ካሜራ ሊያስተምረኝ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነበር። እሁድ እሁድ ወደ ጉርድ ሾላ በሚወስደው የሜዳ መንገድ እንወጣለን፤ እዚያ ጣሪያው የተነሳ አንድ የፈረሰ ቤት አለ። ግድግዳው ብቻ ነው የቀረው፣ ጭድ የገባበት የጭቃ ግድግዳ። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል፣ እኔ ሃምሳ እርምጃ ርቄ አነጣጥራለሁ፤ ፊልም ስለሚወደድ እስከዚያ እሁድ ድረስ ካሜራው ባዶ ነበር።

“ሌንሱን አንገቱን አትነቀው” ይለኛል። “ግራ እጅህን ከሥሩ አድርግና እንደ ሕፃን ልጅ ተሸከመው። ክርኖችህን ጎንህ ላይ ለጥፍ። እግርህን ከፈት። ምነው፣ ሽንትህ መጣ እንዴ? ከፈት አልኩህ እንጂ ተንበርከክ አልኩህ?”

“ሙሌ፣ ይከብዳል እኮ!”

“ስለሚከብድ ነው ከሥሩ የምትደግፈው። አሁን ትንፋሽህን ሳብ፤ ግማሹን አውጣ፤ እዚያ ላይ ቁም። ከዚያ ጣትህን ጫን አድርገው። አትውጋው፣ ጫን ነው ያልኩህ።”

ዙም ሩቁን ሲያቀርብ የእጅህንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል፤ ይህን ነው በመጀመሪያው ቀን የነገረኝ። ስለዚህ አንድ ሕግ ሰጠኝ። ዙሙ መጨረሻ ድረስ ተስቦ ሁለት መቶ በሚለው ቁጥር ላይ ከሆነ፣ የመዝጊያው ፍጥነት ከሁለት መቶ ሃምሳ በታች እንዳይወርድ። ከወረደ መዝጊያው ቆይቶ ስለሚዘጋ፣ ሰው እጅ ላይ ያለ ካሜራ ያንን አይችልም፤ ፊት ይደበዝዛል፣ ዓይን ይጠፋል። “ብዙ ነገር ብትረሳ ይቺን አትርሳ” ብሎኛል። አልረሳኋትም። ችግሩም እሱ ነው።

በዚያ እሁድ ገና ፊልሙን አስገብተን ማነጣጠር ስጀምር፣ ሜዳውን አቋርጦ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ጋሽ ቱሉ መጣ። ጠብመንጃውን በትከሻው አንግቷል።

“እናንተ! ወዴት ነው በዚያ ነገር የምታነጣጥሩት?”

“ግድግዳ ነው ጋሽ ቱሉ” አለ ሙሌ እየቀረበ።

“ግድግዳው ምን አደረገ?”

“ምንም። ዝም ብሎ ስለሚቆም ነው የመረጥነው።”

“ከግድግዳው ኋላ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ አለ።”

በዚያን ጊዜ ረዥም ሌንስ ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ መገኘት ቀልድ አልነበረም። ሙሌ ግን ከኪሱ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ አውጥቶ ሰጠው። ጋሽ ቱሉ ማህተሙን በፀሐይ በኩል አድርጎ አየ፤ ገለበጠው፤ እንደገና አየው። አጥፎ መለሰለት። የሚሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደም። ጢሙን በጣቱ ጠረገ።

“ታዲያ ግድግዳ ከምታነሱ እኔን ብታነሱኝስ?”

ሙሌ ሳቀ። ካሜራውን ከእጄ ወሰደ። ጋሽ ቱሉ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ጠብመንጃውን ወደ ፊት አመጣ፣ ደረቱን ነፋ። ሙሌ ክርኑን ጎኑ ላይ ሲለጥፍ፣ ሲተነፍስ፣ ሲቆም አየሁት። ቀጭ።

“አንድ ብቻ? ብትደግመኝ ምናለ?”

“ለኔ አንድ ይበቃል ጋሽ ቱሉ።”

ጋሽ ቱሉ ሲሄድ ፀሐይዋ ወርዳ ነበር። ሙሌ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ጃኬቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ተደገፈ። እኔ በካሜራው ውስጥ ሳይ፣ ብርሃን የሚለካው ቀጭን መርፌ ወደ ታች ወርዷል። በሁለት መቶ ሃምሳ አይበቃም። ይህን መናገር ነበረብኝ። “ሙሌ፣ ብርሃኑ አነሰ፣ ምን ላድርግ?” ማለት ብቻ ነበር። ነገር ግን እንዲያ ካልኩ “እንግዲህ መሽቷል፣ ወደ ቤት” የሚለኝ መሰለኝ። ደግሞም ሁልጊዜ መጠየቁ አሳፈረኝ። ፍጥነቱን ወደ ስድሳ አወረድኩት። መርፌው መሃል መጣ። ደስ አለኝ።

“እንዲያ እየተወዛወዝክ ካነሳኸኝ አንዱን ወንድምህን ሦስት ታደርገዋለህ!” ብሎ ጮኸ።

“ምናለበት! አንዱ የሒሳብ የቤት ሥራዬን ይሠራልኛል!”

“ሌላውስ?”

“ሌላው ለእማዬ ውኃ ይቀዳል!”

“ሦስተኛውን ሚስት ዳሩልኛ!”

እየሳቀ ነበር። እኔም እየሳቅሁ ደጋግሜ ተጫንኩ። በመሃል ሳቁን ገታ አድርጎ፣ “ፍጥነቱ ስንት ላይ ነው?” አለኝ።

“ሁለት መቶ ሃምሳ!”

ዋሸሁት። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናቴም ቢሆን። አሁን እናንተ አወቃችሁ።

አስራ አንድ ጊዜ አነሳሁት። ከዚያ ግድግዳውን ትቶ ወደኔ መጣ። “እስቲ፣ ስንት ቀረህ?” ሲለኝ ቁጥሩን አየሁ። አንድ ቀርቷል። ካሜራውን ተቀብሎ ከላይ ያለውን የፍጥነት ማዞሪያ ተመለከተ። ስድሳን አየ። አየ፤ እርግጠኛ ነኝ፣ አውራ ጣቱ እዚያ ላይ ቆሞ ነበር። ሊቆጣ ይችል ነበር፤ አልተቆጣም። ሊስቅብኝም ይችል ነበር፤ አልሳቀም። ማዞሪያውን ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ መለሰው፤ የሌንሱንም ቀለበት አዙሮ ብርሃን የሚያስገባበትን ከፈተው፤ ካሜራውን እጄ ላይ አስቀመጠ። ከኋላዬ ቆሞ ሁለቱን ክርኖቼን ያዘና ወደ ጎኔ አስጠጋቸው። ደረቱ ጀርባዬን ነክቶኛል።

“አሁን ግድግዳውን አንሳ” አለኝ። “አብረን እንተንፍስ። ሳብ። ግማሹን አውጣ። ቁም።”

ቀጭ።

“እንዲህ ነው” አለ። ፊልሙ አለቀ። ወደ ቤት ሄድን።

ሰኞ በማለዳ፣ በሄሊኮፕተር ወደ ሰሜን ሊሄድ ልብሱን ሲለብስ ነቃሁ። ካሜራውን መደርደሪያው ላይ ትቶልኛል። “ፊልሙን አታስነካ። ሐሙስ ስመለስ አብረን እናጥበዋለን” አለኝ። እናቴ በር ድረስ ወጥታ ጃኬቱን አስተካከለችለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሄሊኮፕተር ድምፅ በጣሪያችን ላይ አለፈ። የሱ ይሁን የሌላ አላውቅም። መስታወቱ ተርገፈገፈ፤ እኔም ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ረቡዕ ገና ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። መርዶ የሚመጣው በዚያ ሰዓት መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔ ግን አላሰብኩትም። ከፈትኩ። የእድራችን ዳኛ አቶ ወንድሙ ጋቢ ተከናንበው ቆመዋል፤ ከኋላቸው አራት አምስት የሰፈር ሰው፤ ከነሱም ጋር አንድ የማላውቀው ኮት የለበሰ ሰው። አቶ ወንድሙ አላዩኝም። ዓይናቸውን ጫማቸው ላይ ጥለው፣ “እናትህ ተነስታለች?” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። እናቴ “ወደይ! ወደይ!” ትላለች፤ ልጄ ማለት ነው በአገሯ ቋንቋ፤ ለወትሮው በአማርኛ ነበር የምትጠራን። ሁለት ሴቶች ወገቧን ይዘዋታል። ኮት የለበሰው ሰው ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ጭጋግ እንደነበር ነገረን፤ ሄሊኮፕተሯ ከተራራ ጋር መጋጨቷን፣ ከተሳፈሩት የተረፈ አለመኖሩን። “አስከሬኑስ?” ብለው አቶ ወንድሙ ጠየቁት። ተቃጥለው ስለነበር እዚያው መቀበራቸውን ነገራቸው።

አምስት ሰዓት ሳይሆን የእድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበርና አግዳሚው ተደርድሮ ነበር። ሴቶቹ የሙሌን ልብስ አወጡ፤ ሸሚዙን፣ ለበዓል የሚለብሰውን ሱፍ። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሚያዘው እሱ ነው፣ ልብስና ፎቶ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ወደኔ መጥተው እጄን ያዙኝ።

“ዳኜ ልጄ፣ ፎቶውን አምጣው። እናትህ ፊቱን ካላየሁ እያለች ነው።”

ሄጄ ፈለግሁ። አልጋው ሥር ሦስት ካርቶን አለ። የሰው ሁሉ ሠርግ እኛ ቤት ነው። የሰው ሁሉ ምርቃት፣ ክርስትና፣ ልደት። የሙሌ ግን የለም። እናቴ በዓመት በዓል ቀሚሷ አለች፤ እኔ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ በየዓመቱ አለሁ። ያንን ሁሉ ያነሳው እሱ ነዋ። አንድ ብቻ አገኘሁ፣ የአጎታችን ሠርግ ላይ ሌላ ሰው ያነሳው፤ ሙሌ ጀርባውን ሰጥቶ ሙሽሮቹን ያነሳል። የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬ ከፋይሉ ጉርድ ፎቶውን ሊያመጣ ሄደና ከቀትር በፊት ይዞት መጣ። በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ የተነሳው ነው፣ ማህተሙ ግማሽ ፊቱ ላይ አርፎበታል።

ያን ጊዜ ነው ካሜራው ትዝ ያለኝ። ፊልሙ ውስጥ አለ። አስራ አንድ ጊዜ አለ።

ጋሽ በላይ ዘንድ የደረስኩት እየሮጥኩ ነው። መርዶውን ሰምተው ፎቶ ቤቱን ሊዘጉ፣ ወደኛ ሊመጡ ጋቢያቸውን ለብሰው ነበር። ካሜራውን ሳሳያቸው በሩን ከውስጥ ቆለፉት።

“ሦስት ዓመት እዚህ ሠራ” አሉኝ። “ይህ ወንበር ላይ ስንቱን ሰው አስቀምጠናል። እሱን አንድ ቀን ቁጭ በል አላልኩትም።”

ፊልሙ የሚታጠበው ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ውስጥ ሲያገላብጡት ድምፁን ብቻ ነበር የምሰማው። እሳቸው ደቂቃውን በአፋቸው ይቆጥራሉ። እኔ ፀሎት ቢጤ ጀምሬ አልጨርስም። እንደገና እጀምራለሁ። ስድሳን አስታውሼ ነበር፤ አዎ፣ አስታውሼ ነበር። ግን ከአስራ አንዱ አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ እያልኩ ነበር።

ፊልሙ ሲደርቅ መብራት ላይ ዘርግተው በማጉያ መነጽር አዩት። ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ መነጽሩን ሰጡኝና፣ “አብረን እናትመው፣ ወረቀት ላይ ይሻል ይሆናል” አሉ። እንደማይሻል ያውቃሉ።

በቀይ መብራት ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ከተቱት። መጀመሪያ የወጣው ጢም ነው። ከዚያ ቁልፍ፣ ከዚያ የጠብመንጃው ማንገቻ ስፌት። ጋሽ ቱሉ። የቅንድቡን ፀጉር አንድ በአንድ መቁጠር ትችላለህ። ጥርት ያለ! ሙሌ አንድ ጊዜ ብቻ ያነሳው።

ከዚያ የኔዎቹ ተከተሉ። ግድግዳው ሲወጣ ሁለት ግድግዳ ነው። ሰውየው ሲወጣ ጠርዝ የለውም። ጥርሱ ነጭ መስመር ሆኗል፤ እየሳቀ ነበርና። ዓይኑ ያለበት ቦታ ጥላ ብቻ ነው። ሁለተኛው እንዲያው። ሦስተኛው እንዲያው። አምስተኛው ላይ ጋሽ በላይ “ይሄ ትንሽ…” ብለው አልጨረሱትም። አስራ አንዱንም አየናቸው። አስራ አንድ ሰው ከግድግዳው ፊት ይወዛወዛል፣ አንዱም ሙሌ አይደለም፣ ሁሉም ሙሌ ናቸው።

የመጨረሻውን አያስፈልግም ብዬ ነበር፤ እሳቸው አተሙት። ወረቀቱ ላይ ጭዱ ወጣ። እያንዳንዱ የጭድ ዘለላ፣ ጭቃው የተሰነጠቀበት፣ የሙሌ ትከሻ ያረፈበት የተፋቀ ቦታ፣ ከሥሩ በጫማው የተረገጠው ሣር። እንዲያ ያለ ጥራት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እና ማንም የለበትም።

“ይቺን ማን አነሳት?” አሉኝ ጋሽ በላይ።

“እኔ ነኝ” አልኩ። ቆየት ብዬ ደግሞ፣ “እሱ ክርኔን ይዞኝ ነበር” አልኩ።

ወረቀቱን ከመድኃኒቱ ማውጣት ረስተው ቆሙ። ጠርዙ ጠቆረ። ሌላ አተሙልኝ።

ከሁሉ የሚሻለውን መርጠው በትልቁ አተሙት። “ዓይን እሠራለታለሁ” አሉ። ፎቶ ቤት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በእርሳስና በቀጭን ብሩሽ ፊት ይታደሳል። ጋሽ በላይ በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀ ነው፤ ጠባሳ ያጠፋሉ፣ የተጨፈነ ዓይን ይከፍታሉ።

“ዓይኑን ያስታውሱታል?” አልኳቸው።

“እንዴት አላስታውሰው፣ ልጄ!”

ሌሊቱን ሲሠሩ አደሩ መሰለኝ። ሐሙስ ጠዋት በካርቶን ላይ ተለጥፎ፣ በጥቁር ጨርቅ ጠርዙ ተከቦ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ቆንጆ ሰው ነበር። ቅንድቡ የተስተካከለ፣ ዓይኑ ጎላ ጎላ ያለ፣ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ የሚያይ። ሴቶቹ ሲያዩት ጩኸቱ ተነሳ። እትዬ አስካለ ከፍ አድርገው ይዘው ወደ እናቴ አመጡት።

እናቴ ማልቀሷን አቆመች።

“ይሄ የማን ልጅ ነው?” አለች።

“ሙሉጌታ ነው እኮ፣ ለተዬ” አሏት።

“የኔ ልጅ እንዲህ አያፈጥም።” ዓይኗ ድንኳኑን ዞረና እኔ ላይ አረፈ። “ዳኛቸው፣ ና። ማነው ይሄ?”

ሰው ሁሉ ያየኛል። ጋሽ በላይ ከወንዶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተዋል። ጆሮዋ ዘንድ ጎንበስ ብዬ ነገርኳት፤ ፎቶው እንደተበላሸ፣ ዓይኑ እንደተሳለ።

“ያልተሳለውን አምጣው።”

“እማዬ፣ ምንም አይታይበትም።”

“አምጣው አልኩህ።”

ኪሴ ውስጥ ነበር። ጋሽ በላይ የክብሪት ሳጥን በምታህል ወረቀት አትመው ሰጥተውኛል፤ “የተንቀጠቀጠ ፎቶ ባነሰ ቁጥር ይሻለዋል” ብለው። እናቴ በመዳፏ ያዘችው። አቀረበችው፣ አራቀችው። ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ ቆየች።

“እየሳቀ ነው?”

“አዎ።”

“በምን?”

“በኔ። አያያዜ አስቆት ነው።”

“እንዴት አላውቀውም ታዲያ፣ ሲስቅ እንዲህ አንገቱን ይሰብራል” አለች። ከዚያ፣ “ለምን ደበዘዘ?” አለችኝ።

“እጄ ተንቀጠቀጠ” አልኳት። ግማሽ እውነት።

ፎቶውን ለማንም አላሳየችም። ነጠላዋን ገልጣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ እስከ ሠልስት አላወጣችውም። ትልቁን ፎቶ ጋሽ በላይ ራሳቸው ተነስተው ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩት። ለቅሶው በሸሚዙና በሱፉ ቀጠለ።

ሐሙስ ወደ ማታ ገደማ፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ እትዬ አስካለ ከድንኳኑ ጀርባ አገኙኝ። የበኩር ልጃቸው ሰለሞን ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቷል፤ የመሄጃው ቀን የሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰለሞንን እኔም አውቀዋለሁ፣ ኳስ እየተጫወትን አብረን ነው ያደግነው።

“ዳኜ፣ ነገ ጠዋት ልጄን አንሳልኝ” አሉኝ።

“ኧረ እትዬ አስካለ! እዚያ ውስጥ ሆነው አላዩም? እጄ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ በላይ ያንሱት፣ እሳቸው ያሳምሩታል።”

“እንዲያምርማ አይደለም።” ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። “እንዳውቀው ነው።”

ማታውኑ ጋሽ በላይን ካሜራውን እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው።

ስለዚያ ጠዋት ከመናገሬ በፊት እናንተን አንድ ነገር ልጠይቅ። ቤታችሁ ውስጥ ዘወትር ካሜራውን የሚይዘው ማነው? እስቲ አልበማችሁን ግለጡ። እሱ የቱ ጋ ነው? እኔ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ስነሳ “ሙሌ፣ አንተስ?” ብዬ አላውቅም። እንዲያነሳኝ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ልመክራችሁ አይደለም፤ ምክር የለኝም። አሁን ቀኑን ሙሉ ጋሽ በላይ ዘንድ ነኝ፣ አጥባለሁ፣ አትማለሁ። የሰው ፊት ከመድኃኒቱ ውስጥ ጥርት ብሎ በወጣ ቁጥር ደስ አይለኝም።

የግድግዳው ፎቶ እኔ ዘንድ ነው። ለእናቴ አላሳየኋትም። አንዳንድ ቀን አውጥቼ እፈልገዋለሁ። እንደማላገኘው አውቃለሁ፤ ፎቶው ሲነሳ ከኋላዬ ነበር። ግን ጥራቱ የሱ ነው። ስድሳን አይቶ ዝም ያለኝ ለምን ይሆን? “ተበላሽቷል፣ በቀረችው አንዷ እኔን በደንብ አንሳኝ” ሊለኝ ይችል ነበር። አንዷን ለኔ ትምህርት ሰጣት። ሐሙስ የሚመለስ መስሎት ነበር፤ ሌላ ፊልም የሚኖር መስሎት። ወይስ… አላውቅም። ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። እስከ መቼ እንደሆነም አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት ለቀስተኛ ሳይመጣ ተነሳሁ። ጋሽ በላይ ከካሜራው ጋር አዲስ ፊልም አድርገው ልከውልኝ ነበር። እትዬ አስካለ ከአጥራቸው በር ላይ ቆመዋል። ሰለሞን ፊቱን ታጥቦ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ የአባቱን ኮት ለብሷል። እጅጌው ጣቱን ሸፍኖታል።

“ልሳቅ ወይስ ልኮሳተር?” አለኝ።

“እንደ ሁልጊዜህ ሁን” አሉት እናቱ።

“እንደ ሁልጊዜዬ እንዴት ነው?”

“እኔ ምን አውቅልሃለሁ! ዝም ብለህ ቁም!”

ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ዙሙን እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ፊቱ መጣ። ከዚያ መወዛወዝ ጀመረ። ክርኔን ጎኔ ላይ ለጠፍኩ፣ እግሬን ከፈት አደረግሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። አሁንም ይወዛወዛል። እጄ ነው፤ አውቃለሁ። ካሜራውን አወረድኩ።

“ምነው?” አሉ እትዬ አስካለ።

ዙሙን ወደ አጭሩ መለስኩትና መንገዱን ተሻገርኩ። አምስት እርምጃ ሲቀረኝ አላቆምኩም። ሦስት ሲቀረኝም አላቆምኩም። ከንፈሩ ላይ የቀረች የሳሙና ጠብታ እስከማይ፣ ቅንድቡ መሃል ኳስ ስንጫወት እኔ የፈነከትኩት ጠባሳ እስኪለይልኝ ሄድኩ።

“እንዴ ዳኜ! በጣም ቀረብክ እኮ” አለኝ።

“አውቃለሁ” አልኩትና ተጫንኩት።